ማይክሮፎኑ እንዳይጠፋ

አደጋን አስቀድሞ መከላከል ማንም የሚችለው ተራ ሙያ ነው። የደረሰውን አደጋ እንዳልደረሰ ማድረግ ግን ከስንት አንድ ሰው ብቻ የሚታደለው ተሰጥኦ ሲሆን፣ ይህም ተሰጥኦ በቤቶች ሙቀት ጥበቃ ባለሥልጣን የደህንነት መምሪያ ኃላፊ ላይ ሳይሰስት አርፎ ነበር። ሰውየው በየሩብ ዓመቱ በሚያቀርበው ሪፖርት «የደረሰ አደጋ» ከሚለው ርዕስ ፊት ለፊት ሁልጊዜ አንዲት የተዋበች ክብ ያስቀምጣል። ከዚህ የተነሳ የመሥሪያ ቤቱ ሰው እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ረስቶ «ዜሮ» ሲለው፣ እሱም ቅጽል ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብሎ ይኖራል።

መንግሥት ዜጎች በበጋ እንዳይቀቀሉ፣ በክረምት እንዳይቆራመዱ በማሰብ በየቤቱ ኮርኒስ ላይ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ወረቀት በነፃ ለማንጠፍ ቆርጦ ተነስቷል። ሥራው ቀላል ነው። አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ፣ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል በደረቱ እየተሳበ ወረቀቱን ይዘረጋል፤ በትልቅ ስቴፕለር ከእንጨቱ ጋር ይሰፋዋል፤ ከዚያ ይወርዳል። በእንጨቱ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጋድሞ መገኘቱ በዕቅዱ አልተካተተም። ወረቀቱ ስሙ ወረቀት ይሁን እንጂ ብረት ነውና ስቴፕለሩ ድንገት ሽቦውን ከነከሰ ከዳር እስከ ዳር ኤሌክትሪክ ይሆናል። ይህም በዕቅዱ አልተካተተም። ሠራተኛ በብዛት ስለተፈለገ ፀጉር አስተካካዩም፣ ዳቦ ጋጋሪውም፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺውም ግማሽ ቀን እየሠለጠነ ኮርኒስ ገባ። ከግማሹ ቀን ግማሹ የመክፈቻ ንግግር ነበር።

የቁጥጥሩ ሥርዓት ከራሱ ከዜሮ ጭንቅላት የፈለቀ ነው። የእሱ መመሪያ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ደህንነቱ ወዳልተረጋገጠ ኮርኒስ እንዳይገባ በጥብቅ ይከለክላል። የኮርኒስ ደህንነት የሚረጋገጠው ደግሞ ተቆጣጣሪ ሲገባበት ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎቹ ሳሎን ይገቡና ሶፋ ላይ ተደላድለው፣ የቀረበላቸውን ሻይ እየጠጡ ሽቅብ ያያሉ። ሻዩ እስኪያልቅ ድረስ ኮርኒሱ ካልወደቀባቸው ደህና ነው። ነዝሮት የወደቀ ሠራተኛ ቢኖር እንኳ መመሪያው መላ አለው። የኮርኒስ ሠራተኛ የሚባለው ኮርኒስ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ መሬት ላይ የተገኘ ሰው ሌላ ሰው ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ወደ መሥሪያ ቤቱ መጣች። ልጇ በማለዳ ለሥራ እንደወጣ ሰው ቤት ኮርኒስ ውስጥ ቀርቶ፣ ያወረዱት ጓደኞቹ ናቸው። «ኃላፊነቱ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ዜሮ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ውሃ አስመጣላት፣ ከዚያም ደህንነት የሁላችንም ኃላፊነት መሆኑን በለሰለሰ አንደበት አስረዳት። ሴትዮዋ ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተተች ሁላችንንም ስትፈልግ ሰነበተች፤ አንዳችንንም አላገኘችም። እውነቱን ለመናገር ዜሮ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር ብሎት ነበር። መመሪያውን ደጋግሞ ሲያነበው ግን ቀለል አለው።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ዓይነት ሰላም ሲጓዝ፣ ዋና ዳይሬክተሩ የደህንነት ቀን በታላቅ ድምቀት እንዲከበር ወሰኑ። ዜሮን ቢሯቸው አስጠርተው እንዲቀመጥ በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

«በዓሉ በእርስዎ ቤት እንዲከበር ተወስኗል» አሉት።

«በእኔ ቤት፣ ክቡር ዋና ዳይሬክተር?»

«እኔ ንግግር ሳደርግ ሠራተኛው እዚያው ኮርኒሱን ሲያነጥፍ በቴሌቪዥን ይታያል። ደህንነትን በገዛ ኮርኒሱ ያስመሰከረ ሰው ምክትሌ ቢሆን ማን ይቃወማል?»

ዜሮ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ምክትል የሚለው ቃል መንገዱን ሙሉ አፉ ውስጥ ሲሟሟ ዋለ።

ሚስቱ የሕፃናት መምህርት ናት። ቀኑን ሙሉ እጁን ያልታጠበ፣ የጓደኛውን እርሳስ የነጠቀ፣ ወንበር ላይ የቆመ ልጅ ስትመልስ ስለምትውል ትልቅ ሰውም ያው ይመስላታል። ታናሽ ወንድሟ የሴቶች ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሥራው ሲቀዘቅዝበት እሱም ግማሽ ቀን ሠልጥኖ የኮርኒስ ሠራተኛ ሆኗል። ዜሮ ቤቱን የሚያነጥፍለት እሱ እንዲሆን መረጠ። ቤተሰብ አያሳጣም ብሎ ነው።

በበዓሉ ዋዜማ ልብስ ሰፊው ግማሹን ኮርኒስ አስቀድሞ ለማንጠፍ ወጣ። ግማሹ ለካሜራ ይቀራል። ባልና ሚስቱ ሳሎን ቁጭ ብለው ስቴፕለሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሲንጣጣ ይሰሙ ነበር። ድንገት ጧ አለና ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ልብስ ሰፊው ፊቱ አመድ መስሎ ወረደና ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ምን ሆንክ?» አለችው እህቱ።

«ነዘረኝ። ስቴፕለሩ ሽቦ ነከሰ መሰለኝ። እጄን አልለቅም ብሎኝ ነበር እኮ።»

«መንዘር አደጋ አይደለም» አለ ዜሮ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ስሜት ነው። ስሜት ደግሞ የግል ጉዳይ ነው።»

«ጋሼ፣ ጥርሴ ውስጥ ድረስ ነው የተሰማኝ።»

«በሪፖርት ሲገለጽ ‹ሠራተኛው ከሥራው ጋር በጥልቀት ተዋወቀ› ነው የሚባለው።»

«አሁን እላይ ያለው ነገር በሙሉ ይነዝራል። የነካው ሰው አለቀለት።»

«ነገ መጀመሪያ መብራቱ ይጠፋል፣ ከዚያ ትወጣለህ። በቃ» አለች ሚስትየው፤ ልጆቹን ተሰለፉ በምትልበት ድምፅ።

ለዜሮ ግን መብራት ማጥፋት እንዲህ በዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ድሮ ሠራተኞቹ ኮርኒስ ከመግባታቸው በፊት ከኮሪደር ማጥፊያውን ቀጭ እያደረጉ ይወጡ ነበር፤ ታዲያ ተከታታይ ድራማ የተቋረጠባቸው ዜጎች ስልኩን አጨናነቁት። ቅሬታ እንደ አደጋ አይደለም፤ ቅሬታ ይቆጠራል። ስለሆነም ዜሮ ማንኛውም መብራት በደህንነት ኃላፊው የጽሑፍ ትዕዛዝና ማኅተም ካልሆነ በቀር እንዳይጠፋ በመመሪያ ደነገገ። እስከ ዛሬም እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ሰጥቶ አያውቅም፤ እንዲያጠፋ የጠየቀው ሁሉ መሬት ላይ ያለ ሰው ነበርና።

በበዓሉ ጠዋት ግቢው በወንበር ተሞላ። ሳሎኑ ውስጥ የካሜራ መብራት ተተከለ፤ የንግግሩ ጠረጴዛ ወደ ግቢው በተከፈተው የሳሎን በር ላይ ተቀመጠ፤ በረንዳው ላይ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ድምፅ ማጉያዎች ተደረደሩ። ሁሉም ኤሌክትሪኩን የሚስበው ከዚያው ቤት ነው። ዋና ዳይሬክተሩ ሲደርሱ ዜሮ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጀመረ።

«ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ ለጥቂት ደቂቃ መብራቱን ብናጠፋው...»

«ለምን?»

«ለደህንነት።»

«ስለ ደህንነት የምናገረው እኮ በማይክሮፎን ነው። ማይክሮፎኑ ከጠፋ ስለ ደህንነት ማን ይሰማል?»

ዜሮ ሌላ መላ አቀረበ።

«ጄኔሬተር ቢመጣስ?»

«ጥገና ገብቷል።»

«ከጎረቤት ገመድ ብንስብ?»

«ሰው በተሰበሰበበት ግቢ ገመድ? ይደናቀፋሉ እኮ። እርስዎ የደህንነት ኃላፊ ሆነው ነው እንዲህ የሚሉት?»

ዜሮ ከልቡ አፈረ። በእርግጥም ሰው ሊደናቀፍ ይችላል።

ልብስ ሰፊው ጀርባው ላይ «ደህንነት ይቅደም» የሚል ጽሑፍ ራሱ በክር የጠለፈበትን ቱታ ለብሶ ሳሎኑ ውስጥ መሰላሉ ሥር ቆሟል።

«ጋሼ፣ መብራቱ ጠፋ?»

«እየታሰበበት ነው።»

«እንግዲያው እኔም ላስብበት» አለና ንቅንቅ አልል አለ።

ዜሮ ለመነው። ምክትልነቱን ነገረው፤ ምክትል ሲሆን እሱንም እንደማይረሳው ነገረው። ልብስ ሰፊው መሰላሉን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። በዚህ መካከል ዋና ዳይሬክተሩ ማይክሮፎኑን እንደያዙ ዞር አሉ፤ የተናገሩትም ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።

«ምን ይጠበቃል?»

«ሠራተኛው ትንሽ ፈርቷል፣ ክቡር ዋና ዳይሬክተር።»

«ምን ያስፈራዋል? የኮርኒሱ ደህንነት ተረጋግጧል አይደለም እንዴ?»

«ተረጋግጧል።»

«ማን አረጋገጠው?»

ማይክሮፎኑ አፉ ሥር መጣ። ዜሮ ምራቁን ዋጠ፤ ሲውጥም በድምፅ ማጉያው ተሰማ።

«እኔ።»

«ታዲያ ካረጋገጠው ሰው በላይ ማን ይወጣል? እርስዎ ይውጡልን። ታሪክ ይሆናል።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ እምቢ የሚሉት ነገር አይደለም። አንዱ ስቴፕለሩን አስያዘው፣ ሌላው ከረባቱን አስተካከለለት፣ ካሜራው ተከተለው። የአገሩን ኮርኒስ ሁሉ ሲያረጋግጥ የኖረው ሰው በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰላል ላይ ወጣ፤ በቀዳዳው እስከ ትከሻው ድረስ ገባ፤ ከታች እግሩና ጫማው ብቻ ሲታይ ቀረ።

ኮርኒስ ውስጥ እንዲህ እንደሚሞቅ አያውቅም ነበር። አቧራው አፍንጫው ገባ። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ የአሉሚኒየሙን ወረቀት ጠርዝ አየው፤ ከአገጩ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ወረቀቱ ላይ የስቴፕለሩ ስፌት በመስመር ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ሽቦውን ነክሶታል። ዙሪያው ጠቁሯል። ዜሮ መመሪያ ለማስታወስ ሞከረ፤ አንድም አልመጣለትም። ያቺ እናት ግን መጣችበት። ልጇ መጨረሻ ላይ ያየው ነገር ይህ እንደነበር ገባው፤ ከዚያ ሁሉ የለሰለሰ አንደበቱ ይልቅ ዝም ብሎ ቢያለቅስላት ይሻል እንደነበርም ገባው። ፈራ። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ከታች ንግግሩ ቀጥሏል። «ይህ መርሐ ግብር ከተጀመረ አንስቶ አንድም፣ እደግመዋለሁ፣ አንድም አደጋ ያልደረሰ ሲሆን...»

«መብራቱን አጥፉልኝ» አለ ዜሮ።

ንግግሩ ቆመ። «ምን አሉ?»

«መብራቱ ይጥፋ ብያለሁ።»

«በማን ትዕዛዝ?»

«በደህንነት ኃላፊው ትዕዛዝ።»

«የደህንነት ኃላፊው የት ናቸው?»

«እዚህ ነኝ። ኮርኒስ ውስጥ።»

«ኮርኒስ ውስጥ ያለ ሰው የኮርኒስ ሠራተኛ ነው። ይህንን በመመሪያ የደነገጉት እርስዎ ነዎት። ሠራተኛ ደግሞ መብራት አያስጠፋም።»

«እሺ፣ ኃላፊው በሌለበት ተወካዩ ያዛል።»

«ተወካይዎ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ክቡር ዋና ዳይሬክተር።»

«እኔ እንደሚያዩት ንግግር ላይ ነኝ።»

ዜሮ አያይም ነበር፤ የሚታየው አሉሚኒየም ብቻ ነው። ታዳሚው ይህ ምልልስ የዝግጅቱ አካል መስሎት ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ። ዋና ዳይሬክተሩ ፈገግ ብለው ንግግራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

«ጋሼ፣ እጅህን ሰብስብ» አለ ልብስ ሰፊው ከሥር። «ምንም እንዳትነካ። ቀስ ብለህ ውረድ።»

«እግሬ አልታዘዝ አለኝ። መውረጃው የት ነው?»

«ይዤሃለሁ። ግራህን ዝቅ አድርግ። ግራህን እኮ ነው ያልኩህ።»

ሚስቱ ለእንግዶች የሚቀርበውን ሻይ ሰፌድ በሚያክል ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ ያለችው በዚህ ጊዜ ነው። የባሏን ጫማ አየች፤ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ወንድሟንም አየች። ትሪውን ዋና ዳይሬክተሩ ጽሑፋቸውን ያስቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከጽሑፉ በላይ አሳረፈችው። ማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ ሳትሮጥ ወደ ኮሪደሩ ሄደች፣ የማጥፊያውን ሳጥን ከፈተች።

ዋና ዳይሬክተሩ መደምደሚያቸው ላይ ደርሰው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተዋል። «ስለዚህ በዚህ ታሪካዊ ቀን በግልጽ መናገር የምወደው፣ በየቤቱ ለሚሠራው ሥራና ለእያንዳንዱ ዜጋ ሕይወት ሙሉ ኃላፊነቱን የሚወስደው...»

ቀጭ አለ።

በዚያችው ቅጽበት የዜሮ እግር ከመሰላሉ ሸተት አለ፤ ሳያስበው የአሉሚኒየሙን ወረቀት በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘው። ተንጠልጥሎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ወረቀቱ ተቀዶ ከእሱ ጋር ወረደ፤ ልብስ ሰፊው ሁለቱንም ከነአቧራቸው ተቀበላቸው።

የዋና ዳይሬክተሩ ከንፈር ትንሽ ቆይቶ ነው የቆመው። ያለ ማይክሮፎን ድምፃቸው እንደ ማንኛውም ሰው ድምፅ ነበር፤ ከፊተኛው ረድፍ አላለፈም። ኋላ የተቀመጡት እርስ በርስ ተያዩ።

«የሚወስደው ማነው አሉ?»

«አልተሰማም።»

ወዲያውኑ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ አጣሪ ኮሚቴ ስለሆነ አባላቱ ሁሉ በደስታ ተሯሯጡ። ሳሎኑ ውስጥ፣ የተቀደደው ወረቀት ሥር ተሰየሙ። የሚያጣሩትም ከባድ ነገር ነበር፤ በመንግሥት በዓል ላይ የደረሰ የንግግር መቋረጥ። ያቺ እናት ስትፈልገው ከርማ ያጣችው ኃላፊነት የሚወስድ ሰው በዚህ ጉዳይ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተገኘ።

«መብራቱን ያጠፋው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስትየው ብርጭቆ እየሰበሰበች።

«ለምን?»

«ባሌ ሊሞት ነበር።»

«እሱን አይደለም የጠየቅንዎት። በማን ትዕዛዝ?»

«ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ፣ ልጆች» አለችና ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሴትዮዋ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ስላልሆነች የደረሰው አደጋ ከቤተሰብ ጉዳይ ይቆጠራል፤ የሪፖርቱ ዜሮም ሳይነካ ይቀጥላል። እሷ ግን ለፈጸመችው ከባድ ጥፋት ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል፤ ከእንግዲህም ማንኛውንም ማጥፊያ እንዳትነካ ትታገዳለች። የተቋረጠው ንግግር ቅዳሜ በዚያው ቤት፣ መብራቱ እንደበራ ይደገማል። ጫማው ሲንቀጠቀጥ የታየው ሰው በተመልካች ዘንድ ከፍተኛ ተወዳጅነት ስላገኘ ያው ሰው ደግሞ ይወጣል።

ለውሳኔው የደህንነት ኃላፊው ፊርማ ያስፈልጋል። ዜሮ እስክሪብቶውን ያዘና ቆመ። ጣቶቹ ላይ የአሉሚኒየሙ ብናኝ አሁንም ያብረቀርቃል። ዋና ዳይሬክተሩ ከጎኑ ሌላ ነገር እየፈረሙ ነበር፤ አሻግሮ ሲያይ ምክትል የሚለው ቃል ታየው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ፈረመ።

ሲመሽ ሦስቱ እራት ቀረቡ። ዜሮ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ፣ መጀመሪያ ሹመቱን፣ ከዚያ ቅዳሜን፣ መጨረሻ ላይ ማስጠንቀቂያውን ተናገረ። ልብስ ሰፊው ጉርሻው አፉ ውስጥ ቆመበት። ሚስቱ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«የፈረምከው አንተ ነህ?»

«ሥርዓቱ ነው። በልብሽ እንዳትይዢብኝ።»

«አልይዝብህም» አለችው፤ ሳህኑንም ሞላችለት። «ብላ። ለቅዳሜ ጉልበት ያስፈልግሃል።»

«ቅዳሜ እንግዲህ...» አለና ድምፁ ቀጠነ። «ቅዳሜ አንቺ ከኮሪደሩ ብዙም አትርቂም አይደል?»

«አይዞህ፣ መሰላሉን ወንድሜ ይይዝልሃል» አለችው። «ማጥፊያውን ግን አልነካም። ፈርመህብኛል።»